ሞተሯ በተቀየረ ኮሮላ ውስጥ የተንጠለጠሉ ሶኬቶች፦ የቱ ይሰካል፣ የቱ ይታሸጋል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ነው የምኖረው። በቅርቡ በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላ ገዛሁ። አብሯት የመጣው ሞተር 1.3 ካርቡሬተር ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ግን 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለውን 1.6 ኢንጀክሽን አስገብቶባታል። ኮፈኑን ስከፍት ምንም ላይ ያልተሰኩ ብዙ ሶኬቶች ተንጠልጥለዋል። ጠዋት በግድ ነው የምትነሳው፣ ነዳጅ ትበላለች፣ የራዲያተሩ ፋን ደግሞ ቁልፍ ካዞርኩ ጀምሮ አይቆምም። የቼክ ኢንጅን መብራት ግን በርቶ አያውቅም። አንድ ኤሌክትሪሻን ‹ትርፍ ናቸው፣ ቆርጠን በናስትሮ እንጠቅልላቸው› ብሎኛል። ልቁረጣቸው? ምን ምን እንደሆኑስ በምን ልወቅ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አትቁረጥ። ሽቦ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ የምን እንደነበረ ማወቅ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ርዝመቱም፣ ቀለሙም፣ ሶኬቱ ራሱም የሚሰጡህ ፍንጭ አብሮ ይጠፋል። በዚያ ላይ የጻፍክልኝ አራት ምልክቶች አሉ፤ የጠዋቱ አነሳስ፣ ነዳጁ፣ የማይቆመው ፋን፣ የማይበራው መብራት። አንድ ላይ ሳያቸው ከእነዚያ ሶኬቶች አንዳንዶቹ ትርፍ አይመስሉኝም። ሥራ ያላቸው ሆነው ሳይሰኩ የቀሩ ናቸው።

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር ልንገርህ። ሞተር ሲቀየር ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አንድ ኮፈን ሥር ይገናኛሉ። አንዱ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ነው። ለካርቡሬተር ሞተር የተሠራ ሲሆን የፊት መብራቱን፣ ክላክሱንና ፋኑን የያዘው እሱ ነው። ሌላው ከአዲሱ ሞተር ጋር ከነኢሲዩው፣ ማለትም ሞተሩን ከሚያዘው ኮምፒውተር ጋር የመጣው ነው። ሁለቱም ያላቸው ሶኬት አለ፣ አንዱ ብቻ ያለውም አለ። ጠንቃቃ ባለሙያ ሁለቱን አዋህዶ ትርፉን ከሥሩ ነቅሎ ያወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ከተነሳ ሥራው አለቀ ይባልና የተረፈው ሁሉ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ከተንጠለጠለው ውስጥ ታዲያ ትርፉም አለ፣ የተረሳውም አለ።

ስለዚህ አንድ ባዶ ሶኬት ከአራት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። ከፋብሪካ ጀምሮ ባዶ የነበረ ይሆናል፤ ፋብሪካው አንድ ዓይነት ጥቅል ሠርቶ ኤሲ ላላትም ለሌላትም፣ የጉም መብራት ላላትም ለሌላትም መኪና ይጠቀምበታልና። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ታጥፎ ከጥቅሉ ጋር በፋብሪካ ቴፕ ታስሮ ታገኘዋለህ። ወይም የድሮው ሞተር ቅሪት ነው። ወይም አሁን ያለው ሞተር የሚፈልገው ሆኖ ያልተሰካ ነው። ወይም ደግሞ ባዶ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ የምርመራ ሶኬት ነው። ይሄኛው ለአንተ ትልቅ ሀብት ነው፣ እመለስበታለሁ።

ቅርጹን ብቻ አይተህ ግን «ይሄ የእንትን ነው» አትበል። ተመሳሳይ ባለሁለት እግር ሶኬት ብዙ ዕቃ ላይ ይገኛል። ገጠመ ማለት የእሱ ነው ማለት አይደለም። 12 ቮልት የያዘ ሶኬት የሙቀት ሴንሰር ላይ ቢገጥምልህና ብትሰካው ሴንሰሩን ልታቃጥለው ትችላለህ። ሶኬት የሚታወቀው በሽቦው ሌላ ጫፍ ነው። ከኢሲዩ ነው የሚመጣው? ከፊውዝ ሳጥን? ከሪሌይ (በትንሽ ከረንት ትልቁን መስመር ከሚያበራና ከሚያጠፋው ስዊች)? ወይስ ቦዲው ላይ የታሰረ ግራውንድ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስ መስመር) ነው? ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ ይህን ለማወቅ የሚረዳህ ነው።

ከመለካትህ በፊት በደንብ እይ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ቀን በብርሃን ይሁን። እያንዳንዱ ሶኬት ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ለጥፍና ባለበት ቦታ ፎቶ አንሳው። ከዚያ ሽቦውን ሳትጎትት ቀስ ብለህ ዘርጋውና የት የት እንደሚደርስ ተመልከት። የፋብሪካ ሽቦ ርዝመቱ የተለካ ነው፤ ወደ ዕቃው ደርሶ ትንሽ ነው የሚተርፈው። ሶኬቱ በሚደርስበት ክልል ውስጥ እግሩ ባዶ የሆነ ዕቃ ካገኘህ ትልቅ ፍንጭ ያዝክ ማለት ነው። ሶኬት ብቻ ሳይሆን ሶኬት የሌለውን ዕቃም ፈልግ። የእጅ ባትሪ ይዘህ በቴርሞስታቱ ዙሪያ፣ በዲስትሪቢዩተሩ በኩል፣ በአየር ማጣሪያው ሳጥን ላይ፣ ከካምቢዮው በላይና በጭስ ማውጫው በኩል እይ። ባዶ እግር ያለው ዕቃ ስታገኝ እሱንም ፎቶ አንሳው።

ቀጥሎ የሶኬቱን አፍ ወደ ብርሃን አዙረህ ውስጡን እይ። አንዳንዱ ፕላስቲክ ብቻ ነው፣ ብረት እግር የለውም። እሱ ከመጀመሪያውም ምንም አልሠራም፣ እለፈው። ብረት ካለው አጥንተህ እየው። ተሰክቶ የሚያውቅ ብረት ላይ የመፋተግ ጭረት ይታያል፣ መስመር የመሰለች። ተሰክቶ የማያውቅ ግን ገጹ አንድ ዓይነት ነው። አረንጓዴ ዝገት ካለ ውሃ ገብቶበታል። እኛ ጋ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ላቫጆ ላይ ደግሞ በኃይለኛ ውሃ ሞተር ማጠብ ተለምዷል፤ ክፍት ሶኬት ብዙ አይቆይም።

የሽቦውን ቀለም ለማወቅ ጥቅሉን የሸፈነውን ቴፕ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ገለጥ አድርግ። ጫፉ ላይ ያለው ቀለም በዘይትና በሙቀት ስለሚለወጥ ያሳስታል። በቶዮታ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ቦዲ ላይ የሚታሰር ግራውንድ ነው። ቡኒ ደግሞ የሞተሩና የሴንሰሮቹ ግራውንድ ነው። የቤት መብራት ሽቦ የመሰለ፣ ከመኻል የተቀጠለና በናስትሮ የተጠቀለለ ካገኘህ ግን ያ የፋብሪካ ሥራ አይደለም። ቀለሙን አትመነው፣ እስከ መጨረሻው ተከተለው።

አሁን ወደ ምርመራው ሶኬት እንሂድ። ከአዲሱ ሞተር ጥቅል ጋር ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን መጥታ መሆን አለበት። ክዳኗ ላይ ዲያግኖስቲክ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። በፋብሪካ አሠራር የምትቀመጠው ከሾክ አብዞርበሩ መቀመጫ አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ከተቀየረ በኋላ ግን የትም ተወሽቃ ልታገኛት ትችላለህ። ብዙ ሰው ትርፍ ሶኬት መስላው ይቆርጣታል። ክዳኑን ስትከፍት በውስጥ በኩል የየቀዳዳው ስም ተጽፏል። ለአንተ የሚያስፈልጉህ ቲኢ1፣ ኢ1፣ ደብልዩ እና ፕላስ ቢ የሚሉት ናቸው።

መብራትህ በርቶ የማያውቀው መኪናዋ ጤነኛ ስለሆነች አይመስለኝም። ለካርቡሬተር የተሠራ ዳሽቦርድ የቼክ ኢንጅን አምፖል ላይኖረው ይችላል። ኢሲዩው ችግሩን መዝግቦ ይዞታል፣ የሚናገርበት መብራት ግን የለውም። ለዚህ መፍትሔ አለው። ለዳሽቦርድ የምትሆን ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ውሰድና አንዱን ጫፍ ከፕላስ ቢ፣ ሌላውን ጫፍ ከደብልዩ ቀዳዳ ጋር አገናኝ። ትልቅ አምፖል አታድርግ፣ ኢሲዩው ብዙ ከረንት እንዲሸከም አልተሠራም። ቁልፉን አዙር፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። አምፖሉ ከበራ መስመሩ ደህና ነው፣ ኢሲዩውም እያወራህ ነው። ካልበራ ከሳጥኗ እስከ ኢሲዩው ያለው የደብልዩ ሽቦ እንዳልተበጠሰ ፈትሽ።

ቁልፉን መልሰህ አጥፋ። ቲኢ1 እና ኢ1ን በአጭር ሽቦ አገናኝ። ሌላውን ቀዳዳ አትንካ፤ በተለይ ፕላስ ቢን ከኢ1 ጋር ካገናኘህ በቀጥታ ሾርት ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ኤሲ ካላት ይጥፋ፣ የነዳጅ ፔዳሉን አትርገጥ። ቁልፉን ስታዞር አምፖሉ መርገብገብ ይጀምራል። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ከተርገበገበ የተመዘገበ ችግር የለም። ሁለቴ ብልጭ ብሎ፣ ትንሽ ቆም ብሎ፣ እንደገና ሁለቴ ብልጭ ካለ 22 ነው። ሁለቴ፣ ከዚያ አንዴ ከሆነ 21። ብዙ ኮድ ካለ ከትንሹ ጀምሮ በተራ ይነግርህና ከመጀመሪያው ይደግማል። እርግጠኛ እስክትሆን ሁለት ሦስት ዙር ጻፈው።

22 የሞተሩ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። 24 የሚገባው አየር ሙቀት፣ 21 የኦክስጅን ሴንሰር፣ 31 የማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ግፊት ሴንሰር፣ 41 የስሮትል (በነዳጅ ፔዳሉ የሚከፈተው የአየር በር) ሴንሰር፣ 42 የፍጥነት ሴንሰር ነው። ሞተሩን ሳታስነሳ ስለምታነብ 43 የሚል የስታርተር ምልክት ካየህ አትደንግጥ። ፔዳሉ ከተነካ ወይም ኤሲው በርቶ ከሆነ ደግሞ 51 ሊወጣ ይችላል። አየህ፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ከመገመት ኢሲዩው ራሱ የጎደለውን በስሙ ይጠራልሃል።

አንተ ከነገርከኝ ተነስቼ የጠዋቱ ችግር ከ22 ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ሲነቀል ኢሲዩው ዝም ብሎ አይቆምም፤ ውሃው 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይገምታል። ሞተሩ ሲሞቅ ግምቱ ስለሚቀርብ መኪናዋ ደህና ትነዳለች። በታኅሣሥ ጠዋት ግን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የሞቀ መስሎት ነዳጁን ይቆጥባል። በግድ መነሳት ማለት ይሄው ነው። ፈልገው፦ ባለሁለት ሽቦ ሶኬት ነው፣ በቶዮታ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፣ ቴርሞስታቱ ካለበት የሞተሩ ጫፍ ይደርሳል። እዚያው አካባቢ ባለአንድ ሽቦ ሌላ ሴንሰር ታያለህ፤ እሱ ለዳሽቦርዱ የሙቀት መለኪያ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያስባቸዋል። የዳሽቦርዱ መለኪያ ሠራ ማለት ኢሲዩው የውሃውን ሙቀት ያውቃል ማለት አይደለም።

ለማረጋገጥ መልቲሜትርህን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግና ቁልፉ በርቶ በሶኬቱ ሁለት እግሮች መካከል ለካ። 5 ቮልት አካባቢ ካገኘህ የሙቀት ሴንሰር ሶኬት ነው። ግን የአየሩ ሙቀት ሴንሰር ሶኬትም ሲለካ ልክ እንደዚሁ 5 ቮልት ነው፤ በቮልት ብቻ አትለያቸውም። የሚለያቸው ኮዱና የሽቦው መድረሻ ነው። የአየሩ ሴንሰር የሚቀመጠው በአየር ማጣሪያው ሳጥን ላይ ነው፤ ሞተር ሲቀየር ሳጥኑ በሌላ ተተክቶ ከሆነ ሶኬቱ ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ሴንሰሩ ራሱ ደህና መሆኑን ደግሞ በኦም ትለካዋለህ። 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት። ፈትተህ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረህ የምትለካው ከሆነ አንድ ነገር አስታውስ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቶ ነው ብለህ አትቁጠር፣ ቴርሞሜትር ተጠቀም።

ከፍታው ሌላም ቦታ ሰውን ያሳስታል። የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ባለሦስት ሽቦ ነው፤ አንዱ 5 ቮልት፣ አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ ምልክት። መጽሐፍ ላይ ያለው የምልክት ቮልት ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከዚያ በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ ስትለካው ከመጽሐፉ ዝቅ ያለ ቁጥር ታገኛለህ። «ሴንሰሩ ሞቷል» ተብሎ ደህናው ዕቃ ሲጣልና ሶማሌ ተራ ድረስ ሌላ ሲፈለግ አይቻለሁ። የአንተ መኪና እየተነዳች ስለሆነች ይሄ ሴንሰር ተሰክቶ ይመስለኛል፤ እሱ ተነቅሎ ሞተሩ በቅጡ አይሠራም። ሌላ ባለሦስት ወይም ባለአራት ሽቦ ሶኬት ወደ ስሮትሉ የሚደርስ ካለ ግን የስሮትል ሴንሰሩን ተመልከት።

ነዳጁን በተመለከተ 21 ከወጣ ወደ ጭስ ማውጫው ሂድ። ጭስ ማውጫው አገር ውስጥ ከተሠራ ለኦክስጅን ሴንሰሩ ቀዳዳ ሳይተውለት ይቀርና ሶኬቱ ባዶውን ይንጠለጠላል። ያለ እሱ ኢሲዩው የተቃጠለውን ጭስ ሳያይ በግምት ነው ነዳጅ የሚሰጠው። ሴንሰሩ ባለአንድ ወይም ባለአራት ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ባለአራቱ የራሱ ማሞቂያ ያለው ነው። ኢሲዩህ የትኛውን እንደሚጠብቅ ሶኬቱን ቆጥረህ እወቅ፣ ከዚያ ቀዳዳውን አስበየድና ግጠመው። ወጪ አለው፣ ግን በነዳጅ ይመለስልሃል።

ፋኑን ግን በተለይ ላስረዳህ፤ ብዙ ሞተር የሚጎዳው በዚህ ነው። የዚያ ዘመን ኮሮላ ፋን አሠራሩ ከሚገመተው ተቃራኒ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን የሙቀት ስዊቹ ዝግ ነው፣ ከግራውንድ ጋር ያገናኛል፣ በዚህም ሪሌዩ ፋኑን አቁሞ ይይዘዋል። ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስዊቹ ይከፈታል፣ ያኔ ፋኑ ይነሳል። እንዲህ የተሠራው ሽቦው ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ ቢነቀል ፋኑ እንዲዞር ነው፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል። አንተ «ቁልፍ ካዞርኩ ጀምሮ አይቆምም» ያልከው ይሄን ይመስላል። የድሮው ሽቦ ለ1.3ቱ ሞተር ስለተለካ የአዲሱ ሞተር ስዊች ጋ ላይደርስ ይችላል፣ ወይም ሶኬቱ አልገጠመም፣ ስለዚህ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ቁልፉ ሲበራ ፋኑ እየዞረ ነው። የጠረጠርከውን ሶኬት ለካው፤ 12 ቮልት አካባቢ ካሳየ ትንሽ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከግራውንድ ጋር አገናኘው። ሶኬቱ ባለሁለት ሽቦ ሆኖ አንዱ ግራውንድ ከሆነ ሁለቱን እርስ በርስ አገናኝ። ፋኑ ከቆመ አገኘኸው። ከዚያ ያገናኘኸውን ወዲያው አንሳና ሽቦውን አስረዝመህ የአሁኑ ሞተር ስዊች ላይ ሰካው።

እባክህን እንደዚያው አገናኝተህ አትተወው። «ፋኑ ጮኸብኝ» ያለ አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ ይህችኑ ሽቦ በብሎን ቦዲ ላይ አሳስሮ ነበር። ፋኑ ዝም አለ፣ ከተማ ውስጥም ችግር አልታየም። አዲስ አበባ ሲሄድ ዓባይ በረሃ ወርዶ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ሲጀምር ውሃው ፈላ። ቴስታታው ጠመመ፣ ጋስኬቱም ተበላ። መኪናዋ ተጭና ተመልሳ መጣች። ያን ሁሉ ያመጣው ያ ጣት የሚያህል የሽቦ ቁራጭ ነው።

ለሌሎቹ ሶኬቶች መለኪያው እንዲህ ያሳይሃል። ቁልፉ ጠፍቶም 12 ቮልት ካለ በቀጥታ ከባትሪ የመጣ መስመር ነው፤ አደገኛው እሱ ስለሆነ ቅድሚያ ስጠው። ቁልፉ ሲበራ ብቻ 12 ቮልት ከመጣ የሶሌኖይድ፣ የስዊች ወይም የሪሌይ መስመር ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ 12 ቮልት ከመጣ የስታርተር መስመር ነው። 5 ቮልት ካየህ ከኢሲዩ የመጣ የሴንሰር መስመር ነው። ምንም ቮልት ከሌለው ቁልፉን አጥፍተህ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀልና ከግራውንድ ጋር ይገናኝ እንደሆነ በኦም ለካ።

ባለአምፖል ቴስተር ግን ከኢሲዩ የሚመጡ ሽቦዎች ላይ አትጠቀም። አምፖሉ የሚስበው ከረንት የኢሲዩውን ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። መልቲሜትር ርካሹም ቢሆን ይበቃሃል። በአንጻሩ ከፊውዝ ሳጥን የመጣ የኃይል መስመር ላይ አምፖል ጥሩ ነው፤ መልቲሜትር ሊበጠስ አንድ ክር በቀረው ሽቦ ላይም 12 ቮልት ያሳይሃል፣ አምፖል ግን ደብዝዞ ያጋልጠዋል።

ከካምቢዮው በላይ የሚደርስ ባለሁለት ሽቦ ሶኬት ካለ የኋላ ማርሽ መብራት ስዊች ሊሆን ይችላል። አንዱ እግር ቁልፍ ሲበራ 12 ቮልት ይይዛል። ሁለቱን ፊውዝ ባለው ሽቦ ስታገናኝ የኋላው ነጭ መብራት ከበራ ሌላ ማስረጃ አያሻህም። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ስለሚያስፈልግህ ሰካው። ብዙ እግር ያለው ትልቅ ሶኬት እዚያው አካባቢ ካለ ሞተሩ ከአውቶማቲክ መኪና የመጣ ነው ማለት ነው፤ የካምቢዮው ስዊች ነበር፣ በማንዋል ካምቢዮ ላይ ባለቤት የለውም። ከፊት መብራቶቹ ጀርባ ታጥፎ የታሰረው የጉም መብራት ወይም የሌላ አማራጭ ዕቃ ነው፣ ተወው። ኤሲ ከሌላት ወደ ታች ወደ ሞተሩ ቀበቶ በኩል የምትወርድ ባለአንድ ሽቦ ሶኬት የኮምፕሬሰሩ ልትሆን ትችላለች።

ካርቡሬተሩ ከነበረበት አካባቢ የሚንጠለጠሉት ግን ትርፍ ናቸው፤ የነዳጅ መቁረጫው ሶሌኖይድና የአውቶማቲክ ቾኩ ማሞቂያ ሽቦዎች ናቸው። አሁን ያለው ሞተር አይፈልጋቸውም። ሆኖም ኤሌክትሪክ አላቸው። ቁልፉ እንደበራ 12 ቮልት ይይዛሉ። መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ስትነጥር አንዱ ብረት ላይ ቢያርፍ ፊውዝ ይበላል፤ ያ ፊውዝ የማቀጣጠያውንም የያዘ ከሆነ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ትርፍ ሽቦም ክፍቱን የማይተወው ለዚህ ነው።

አስተሻሸጉ ላይም ጥንቃቄ አድርግ። ሽቦው ከፊውዝ ሳጥኑ ወይም ከሌላ ሶኬት የሚነሳ ከሆነ ከዚያው ጫፍ እግሩን በቀጭን መርፌ ነገር ገፍተህ አውጣው፣ ኃይሉም አብሮ ይቀራል። የማይቻል ከሆነ ሶኬቱን ሳትቆርጥ ንጹሕ አድርገህ፣ አፉን ሙቀት ሲነካው በሚጠብ ቱቦ ሸፍነህ፣ ወደ ጥቅሉ አጥፈህ በጨርቅ ቴፕ እሰረው። አፉ ወደ ታች ይሁን፣ ውሃ እንዳይጠራቀምበት። ተራ ናስትሮ ሞተር አካባቢ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ይላቀቃል። ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲልከንም አትሙላበት፤ መዳብን ይበላል። ቁጥሩን የጻፍክበትን ፕላስተር እዚያው ተወው። ከአንተ በኋላ ኮፈኑን የሚከፍት ሰው ይመርቅሃል።

ክብ ጆሮ ያለው፣ በብሎን የሚታሰር የሽቦ ጫፍ ተንጠልጥሎ ካገኘህ ከሁሉም በፊት እሱን እሰር። ግራውንድ ነው። በተለይ ቡኒ ሽቦዎች የተሰባሰቡበት ከሆነ ኢንቴክ ማኒፎልዱ ላይ የሚታሰረው የኢሲዩው ግራውንድ ሊሆን ይችላል። ቀለሙንና ዝገቱን ፍቀህ አጥብቀው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ በሞተሩ አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ለካ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ግራውንዱ ደካማ ነው፤ ሴንሰሮቹ ሁሉ የሚዋሹት ያኔ ነው።

ይህን የምታነቡ የቪትዝና የሌሎች አዳዲስ መኪና ባለቤቶችም አላችሁና አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ የኤርባግ ነው። በኦም ለመለካት እንኳ አትሞክሩት፣ ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላል።

ለአንተ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ግራውንዶቹን እሰር፣ ከዚያ ኮዱን አንብብ፣ ከዚያ የፋኑን ስዊች አስተካክል፣ ኮዱ የጠራቸውን ሴንሰሮች ሰካ። ስትጨርስ ቁልፉን አጥፍተህ ኢኤፍአይ የሚለውን ፊውዝ ለአንድ ደቂቃ ያህል አውጣና መልስ፤ የድሮው ኮድ ይጠፋል። ሁለት ቀን ነድተህ እንደገና አንብብ። የሚመለስ ኮድ ካለ ቁጥሩን ከሶኬቶቹ ፎቶ ጋር ላክልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን። በዚያው አጋጣሚ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተስተካክሎ መመዝገቡን እይ። ያቺን የደብልዩ አምፖልም ሽቦዋን አስረዝመህ ዳሽቦርዱ ላይ በቋሚነት ግጠማት።